«አበባዋ ከደረቀች ከደመወዝሽ ይቆረጣል!»

በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አማትና ምራት ስንጨዋወት ከርመናል። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ሐረግ ነው። «ደግሞ ስለ ሐረግ ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ። በዚህች ሐረግ ምክንያት ደመወዜ ተቆርጧል፣ ኩሽና በር ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ፤ በኋላ ደግሞ ስቄአለሁ።

ነገሩን ያስታወሱኝ አንዲት የድሬዳዋ እናት ናቸው። ባለፈው ሰሞን በስልክ ሲያጫውቱኝ፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሐረግ አበባ ገዝታ አምጥታላቸው ነበር። አበባዋ ሐምራዊ ነው፤ ስፋቱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህላል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ግቢያቸው ውስጥ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ተከሏት። ወር ሳይሞላ የቅጠሏ ዳር ዳሩ እሳት እንደነካው ወረቀት ሆነ።

«በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ አጠጣታለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርጋት? ልጄ መጥታ ደርቃ ካየቻት እኮ ስጦታዋን የናቅሁባት ነው የሚመስላት» አሉኝ።

በቀን ሦስት ጊዜ ሲሉ ክው አልኩ። እኔም ልክ እንደሳቸው ነበር ያደረግኩት። 150 ሪያል የከፈልኩትም በዚሁ ጥፋቴ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሪያድ የገባሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልህ ሲለኝ፣ እንደ ሰፈሬ ልጆች ኮንትራት ፈርሜ ሄድኩ። ደመወዜ በወር 1,000 ሪያል። ከዚያ ላይ የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያና የእናቴ የቤት ኪራይ ይወጣል። እናላችሁ፣ አንድ ቀን በመጋቢት ወር ማዳም ከችግኝ መሸጫ ሦስት ማሰሮ አበባ አስጭና ከች አለች። ፈረንጆቹ ክሌማቲስ የሚሏት ሐረግ ናት። መኪናው ላይ ስትወርድ ያያት ሰው ሁሉ «ማሻ አላህ!» አለ።

አበባዎቹ የተገዙት ለባልየው እናት ነው። አሮጊቷ የጣኢፍ ሰው ናቸው። ጣኢፍ ተራራ ላይ ያለች፣ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ፣ በጽጌረዳዋ የታወቀች ከተማ ናት። ታመው ወደ ልጃቸው ቤት ከመጡ ጀምሮ ሪያድ አልስማማ ብሏቸው ነበር። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ይነጠፍላቸውና ግድግዳ ሲያዩ ያመሻሉ። እኔም ሻይ ሳቀርብላቸው አብሬ ግድግዳውን አያለሁ። ምን ይደረግ! ሁለታችንም ከደጋ ወርደን በረሃ የገባን ሰዎች ነን።

ማዳም ሦስቱን ማሰሮዎች ምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር አስደረደረችና ወደ እኔ ዞረች። «እነዚህ አንዳንዳቸው 150 ሪያል ናቸው። ለአንቺ ነው የሰጠሁሽ። ከደረቁ ከደመወዝሽ ይቆረጣል!» አለች። ሦስት ጊዜ 150 ስንት ነው? የደመወዜ እኩሌታ ሊሆን ምን ቀረው! ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ቀትር ላይ አጠጣለሁ፣ ማታ አጠጣለሁ።

ሚያዝያ አልፎ ግንቦት ሲገባ የመጀመሪያዋ ቅጠሏን አረገፈች። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ውሃ ጨመርኩላት። በወሩ መጨረሻ ማዳም ደመወዜን ቆጥራ ስትሰጠኝ 850 ሪያል ሆኖ አገኘሁት። ምንም አልተናገርኩም። ምን ይባላል?

ግቢውን ለማጽዳትና ዛፎቹን ለመከርከም በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ አትክልተኛ ነበሩ። ወንድና ሴት ቆሞ ማውራት በዚያ ቤት አያስደስትም፤ ስለዚህ እሳቸው ሥራቸውን እየሠሩ፣ እኔ የኩሽናውን ደጃፍ እየጠረግሁ፣ በተሰባበረ ዐረብኛችን ነው የምንነጋገረው። «አሚ» ነው የምላቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። የሞተችውን ሐረግ ከነማሰሮዋ ገልብጠው አወጧትና ጠሩኝ። በፀሐይ በኩል ያለው ሥሯ ቡናማ ሆኖ ተልፈስፍሷል፤ በግድግዳው በኩል ያለው ግን ገና ነጣ ያለ ነው።

«ውሃ ያጣች መሰለሽ? ተቀቅላ ነው የሞተችው» አሉኝ። ቀጥለው የግቢውን ቧንቧ ከፈቱና እጄን ከሥሩ አስያዙኝ። ውይ! ሻይ የሚያፈላ ውሃ!

ዐረብ አገር የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። የውሃው ታንከር ያለው ጣሪያ ላይ ነው። ሪያድ በበጋዋ ወራት ቀትር ላይ ሙቀቱ በአማካይ ከ43 ዲግሪ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ የሚባለው ቧንቧ ራሱ የሚያቃጥል ውሃ ነው የሚያወርደው። እኔ እንግዲህ ልታደጋት ብዬ በቀን ሦስት ጊዜ ፍል ውሃ ሥሯ ላይ ሳፈስባት ከርሜአለሁ! ማሰሮዋ ደግሞ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል። ግድግዳው የከሰዓቱን ፀሐይ ተቀብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ያተኩሳል። ከአጠገቧ ደግሞ የኤሲው የውጪ ሞተር ቀን ከሌት ትኩስ አየር ይተፋባታል። አስቡት እስቲ! እኛ ቅጠሏን እያየን «ፀሐይ መታት» እንላለን፤ የሚገድላት ግን ታች ነው።

ሽማግሌው አንድ አባባል ነበራቸው፤ «ራሷ ፀሐይ፣ እግሯ ጥላ» የሚል። ይህች ሐረግ በተፈጥሮዋ ከቁጥቋጦ ሥር ተነስታ፣ በሌላ ተክል ላይ ተንጠላጥላ ወደ ብርሃን የምትወጣ ናት። ሥሯ ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥብ፣ የተከደነ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ካገኘች የጠዋት ፀሐይ ቢያርፍባት ትወዳለች እንጂ አትሞትም።

ሁለቱን የቀሩትን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዛወርናቸው። ምሥራቅ ማለት የጠዋቱን ለስላሳ ፀሐይ አግኝታ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግድግዳው ራሱ ጥላ የሚሆናት ማለት ነው። ጥቁሩን ፕላስቲክ ጣሉና ወፍራም የሸክላ ማሰሮ አመጡ፤ አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር የማያንስ። ያንን ደግሞ ሌላ ተለቅ ያለ ማሰሮ ውስጥ አስገቡትና መሐሉን በአሸዋ ሞሉት። አሸዋው ሁልጊዜ ይርሳል። እናቶቻችን ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙበት ዘዴ እኮ ነው! ሸክላው ላቡን ያወጣል፣ ላቡ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ይህን ለማወቅ ሪያድ ድረስ መሄድ ነበረብኝ ወይ አልኩ ለራሴ።

ስንተክላትም ከነበረችበት ጠለቅ አድርገን ነው። ከግንዷ ላይ ቅጠል የሚወጣባቸው ቋጠሮዎች አሉ፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች አፈር ውስጥ ይግቡ አሉኝ። ሌላ ተክል ቢሆን ግንዱ ሊበሰብስ ይችላል፤ ይህች ግን ላይዋ ቢሞት ከተቀበረው ቋጠሮ ታቆጠቁጣለች። አንዳንዴ ማታ ደህና የነበረችው ጠዋት ጥውልግ ብላ ትገኛለች፤ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ያኔ የታመመውን ግንድ እስከ አፈሩ ቆርጦ መጣል ነው መፍትሔው። መቀበሯ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ከዚያ የአፈሩን ፊት በተሰበረ ሸክላና በደረቅ የቴምር ቅጠል ሸፈንነው። ከፊቷም አጠር ያለ ሪሃን ተከልን፤ ሪሃን እንግዲህ የእኛ በሶብላ ዘመድ ነው። እሱ ለእግሯ ጃንጥላ ሆናት።

ውሃውን በተመለከተ፣ ማታ ባልዲ ሞልቼ ቤት ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ፣ ለሱብሒ ሶላት ቤቱ ሲነሳ፣ ቀስ አድርጌ እስኪጠግብ አጠጣታለሁ። ከዚያ በኋላ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቼ እፈትሻለሁ። እርጥብ ከሆነ እለፋት ነው። ላይ ላዩን ቶሎ ቶሎ መርጨት ሥሯን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ላይ ደግሞ እሳቱ አለ። በሌላ በኩል የበረሃ ውሃ ጨው አያጣውም። ማሰሮው ዳር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ጨው ነው። በወር አንዴ ከታች እስኪፈስ ድረስ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

መውጫዋን በብረት ሽቦ ልንሠራላት ስል ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህች ሐረግ እንደ ወይን ጅማት የላትም፤ የምትይዘው በቅጠሏ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ራሱ ይጠመጠማል። ስለዚህ ወፍራም እንጨት ብታቆሙላት መያዝ አትችልም። ከጣት የቀጠነ ነገር ነው የሚያስፈልጋት። ብረት ሽቦ ደግሞ በዚያ ፀሐይ ዘንጉን ያቃጥለዋል። ሲባጎ ወጠርንላት፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀን፣ በመሐል አየር እንዲያልፍ።

ይህን ሁሉ አድርገን፣ ሐምሌ ላይ ሁለቱም ቅጠላቸውን አረገፉ!

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። 300 ሪያል! ግንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቡናማ ሆኗል፤ ብትነኩት ቀጭ የሚል ይመስላል። ማዳም አይታ «ነቅለሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣያት» አለችኝ። በዚያን ዕለት ሽማግሌው የሉም። ማሰሮውን ይዤ ስጎትት፣ አሮጊቷ ከምንጣፋቸው ላይ «ተዪያት!» አሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው። «በዚህ ሙቀት ማን ያብባል? እኔስ አብቤአለሁ?» አሉ። ማዳም ለአማቷ መልስ አልሰጠችም፤ እኔም ማሰሮውን መለስኩት።

በማግስቱ አትክልተኛው መጥተው ግንዷን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከቡናማው ሥር ጭላንጭል አረንጓዴ! ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ደጋ ላይ ተክል የሚተኛው በብርድ ነው፤ በረሃ ላይ ግን አንዳንዱ በሙቀቱ ነው የሚተኛው። በተኛችበት ወር ማዳበሪያ አይጨመርም፣ አትቆረጥም፣ ከቦታዋ አትነሳም። ውሃውም ቀነስ ይላል፤ አፈሩ ግን ጨርሶ አይድረቅ። ስንቱ ሰው ነው በነሐሴ «ሞተች» ብሎ በሕይወት ያለች ሐረግ የሚነቅለው!

ኅዳር ላይ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ጀመረ። ሪያድ በረሃ ብትሆንም በጥር ሌሊት ወደ 9 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ብርድ ልብስ ደርበን ነው የምንተኛው። ለዚህች ሐረግ ያ ብርድ መድኃኒቷ ነው። ጥር አጋማሽ ላይ ሽማግሌው መቀስ ይዘው መጡና ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ አስቀርተው ቆራረጧት። ጮህኩ! ለካ አንዳንዱ ዓይነት በአሮጌው ግንድ ላይ ያብባል፣ አንዳንዱ ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። የእኛዋ ከሁለተኛው ወገን ናት። እንደዚህች ያለችው ካልተቆረጠች ግንዷ ብቻ ይረዝማል፤ አበባዋ ደግሞ ከላይ፣ ሰው በማያይበት።

ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። የኩሽና ጓንት ይበቃል። የተጨፈለቀ ቅጠሏ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። በድሮ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ለማኞች በዱሩ ዓይነት ቅጠል ገላቸውን እያሹ ቁስል ያወጡ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያዝንላቸው! ስሟም በዚያው «የለማኞች ሣር» ተብሎ ቀርቷል። ጉድ እኮ ነው።

በየካቲት ከተቀበረው ቋጠሮ ጣት የሚያህሉ ቀንበጦች ብቅ አሉ። መጋቢት ሳያልቅ ግድግዳው ሐምራዊ ሆነ። አሮጊቷ የዚያን ዕለት ማታ ሻይ ሳይጠጡ ቀዘቀዘባቸው። እጄን ይዘው ወደ ሐረጓ አስጠጉኝና አንድ አበባ በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው ቆዩ። ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እኔን ያስገረመኝ ግን አበባው አይደለም፣ ከረገፈ በኋላ የመጣው ነው። የፍሬዋ ጫፍ ላይ ብርማ ጸጉር አወጣች፤ የተበጠረ ጥጥ፣ የሽማግሌ ጺም የመሰለ። አፍጥጬ አየኋት። ይሄማ አዞ ሐረግ ነው! እንጦጦ ሥር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየአጥሩና በየወንዙ ዳር ነጫጭ አበባ አውጥቶ ኋላ ጥጥ የሚመስለው። ቅጠሉን ስንጨፈልቅ እናቴ «እጅሽን ያቃጥልሻል፣ ተይ!» እያለች የምትቆጣኝ ያ ሐረግ። ለካ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ ወደ 300 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ፤ ከእኛ አገሮቹ አንዱ እንዲያውም በሳይንስ ስሙ «ሲሜንሲስ» ይባላል፣ በሰሜን ተራሮች ስም። በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ፣ አሪዞናና ቴክሳስ ደረቅ ወንዞች ዳር የሚበቅል ዱር በቀል ዘመድም አላት። እሱንም እዚያ ያሉ ሰዎች «የሽማግሌ ጺም» ይሉታል። እኔ ኩሽና ደጃፍ ላይ ቆሜ ያልኩትን ማለት ነው!

እንግዲህ በሞቃት አገር ለመትከል ለምታስቡ፣ ዓይነት መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። ችግኝ ስትገዙ «የምታብበው በአሮጌው ግንድ ነው በአዲሱ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በአዲሱ የምታብበውን ውሰዱ። ከደቡብ አውሮፓ የመጣችው ቪቲሴላ የምትባለው ወገን ሙቀት ትችላለች፤ አበባዋ አነስ ይላል እንጂ አታሳፍርም። በ1850ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ዎኪንግ ከተማ ውስጥ የተዳቀለችው ጃክማኒም በአዲስ ቀንበጧ ነው የምታብበው። ቀይ ለሚወድ፣ ቴክሳስ በቀሏ ቴክሰንሲስ አለች። ሳህን የሚያካክሉ፣ ለሁለት ቀለም የተዥጎረጎሩ አበባዎችን ግን ፎቶ ላይ አይታችሁ አትጎምጁ። በሞቃት አገር ያስለቅሳሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌሊቱ ሁሉ ሞቃት በሆነበት አገር ይህችን ሐረግ ባትደክሙባት ይሻላል። ጅዳ በጥር ሌሊት እንኳ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰመራ ያላችሁ፣ ጅቡቲ ያላችሁ፣ ቡገንቪሊያ ትከሉ! ውሃ ስትረሷት ጭራሽ ደምቃ የምታብብ እሷ ናት። ወዳጅነት በግድ አይሆንም፣ ለአበባም ቢሆን።

ኮንትራቴን ጨርሼ በ2013 ዓ.ም. ስመለስ ሁለቱም ሐረጎች ሲባጎውን ጨርሰው ጣሪያውን ይዘው ነበር። ማዳም ጎረቤት በመጣ ቁጥር «በእጄ ያሳደግኋት ናት» ትላለች። 150 ሪያሌ ግን አልተመለሰችም። ሽማግሌው አትክልተኛ ሲሰናበቱኝ የደረቀ የፍሬዋን ጥጥ በወረቀት ጠቅልለው ሰጥተውኝ ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ ደቅቆ ደረሰ።

ወደ ድሬዳዋ እናታችን ልመለስ። እማማ፣ ሐረግዎን ነቅለው እንዳይጥሏት። ዛሬውኑ ግንዷን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ይዩት። አረንጓዴ ካለበት አለች። ያ ቆርቆሮ አጥር ነው ጠላትዎ፤ ቀን ፀሐዩን ተቀብሎ መልሶ እሷ ላይ ነው የሚጥለው። ፀሐይ ገባ ሲል አፈሯን ሳይበትኑ ያንሷትና ከቤቱ በስተምሥራቅ ባለው ግድግዳ በኩል፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ያስቀምጧት። የተቃጠለውን ቅጠል አይልቀሙ፣ ራሱ ይረግፋል። የቧንቧውን ውሃ መጀመሪያ በእጅዎ ይንኩት፤ እንስራ ካለዎት ከእንስራው ያጠጧት፣ ያውም ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ልጅዎ ከመምጣቷ በፊት ካላቆጠቆጠችም አይሳቀቁ፤ ግንዷን ፍቀው ያሳዩዋት።